የእድሩ መዝገብ የት ገባ?

ባለፈው ፋሲካ እንግዳ ነበረን። የአክስቴ ልጅ ሞንትሪያል ከገባች አሥር ዓመት ሊሞላት ነው፤ ባሏን ለመጀመሪያ ጊዜ ይዛው መጣች። ሰውየው ኩቤካዊ ነው፤ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካናዳዊ ማለት ነው። ዶሮ ወጡን በእጁ በላ፣ ጠጁን ቀመሰ፣ "ጎበዝ" ተባለ። ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ግን ከቦርሳው አንድ የተጠቀለለ ትልቅ ወረቀት አውጥቶ መሬት ላይ ሊዘረጋው ፈለገ። የቂርቆስ ሰፈር ሳሎን ስፋቱ ይታወቃል። ሶፋውን ገፍተን፣ ረከቦቱን አንስተን ቦታ ሰጠነው።

የዘር ሐረጉ ነበር። በእሱ በኩል አሥራ ሁለት ትውልድ። እያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ስም፣ የልደት ቀን፣ ክርስትና የተነሡበት ደብር፣ የጋብቻ ቀን፣ የቀብር ቀን። ሽቅብ ሽቅብ ሄዶ በፈረንጆቹ 1660ዎቹ ከፈረንሳይ በመርከብ የመጡ አንድ ገበሬና አንዲት ወላጅ አልባ ልጃገረድ ጋ ይቆማል። በሌላኛው ጎን የአክስቴ ልጅ ስም አለ። ከእሷ በላይ አባቷና እናቷ። ከዚያ በላይ ባዶ ሳጥን፣ ባዶ ሳጥን፣ አሁንም ባዶ ሳጥን።

"ልጅ ልንወልድ ነው፤ ይህን እንድትሞሉልን ነው ያመጣሁት" አለ። የምታስተረጉመው ሚስቱ ናት፤ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ስትተረጉም አቀርቅራ ነው። እልልታው ካለቀ በኋላ ወደ ወረቀቱ ተመለስን።

የአክስቴ ባል ለዚህ ቀን የተፈጠረ ሰው ነው። የጎጃም ልጅ ነዋ! ስኒውን አስቀመጠ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ከአባቱ ጀምሮ ሰባት ቤት ሳይተነፍስ ቆጠረ። አጨበጨብን። አማቻችን በላቲን ፊደል እየተንተባተበ ጻፈ። ከዚያ ቀና ብሎ አጭር ጥያቄ ጠየቀ። "የእነዚህ ሁሉ ሚስቶችስ?"

ዝም አልን። የአክስቴ ባል እናቱን አለ፣ አያቱን አለ፣ ቆመ።

እንግዳው ወደ አክስቴና ወደ እናቴ ዞረ። ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አያቴ ካዛንቺስ ኖራ ካዛንቺስ የሞተች ሴት ናት። "የእናታችሁ እናት ስም ማን ይባላል?" ሲላቸው ሁለቱም እኩል መለሱ። የመለሱት ግን ሁለት የተለያየ ስም ነው።

እህትማማቾቹ ተያዩ። "ምን ነካሽ?" ተባባሉ። ቡናው ቀዘቀዘ። የአክስቴ ልጅ ወደ እኔ ዞር ብላ "ጋዜጠኝነት ተመርቀሻል አይደል? አጣሪያ!" አለችኝ። አራት ዓመት የተማርኩት የገዛ ቅድመ አያቴን ስም ለማጣራት መሆኑን በዚያን ቀን አወቅሁ።

ሰባት ቤት የሚቆጠረው ለምን ነበር?

መጀመሪያ የገረመኝ የአክስቴ ባል ነው። ማንም ሳይጽፍለት ሰባት ሰው እንዴት ያዘ? እኛ የቂርቆስ ልጆች የስልክ ቁጥራችንን እንኳ በቃላችን አናውቅም።

መልሱ ቀላል ነው። ያ ቆጠራ ሥራ ነበረው። አንደኛው ሥራው ጋብቻ ነው። እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ አይጋቡም፤ ስለዚህ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ይቆጠራል። ሁለተኛው፣ ትልቁ፣ መሬት ነው። በጎጃምና በሌላውም የአማራ አገር ርስት የሚገኘው በትውልድ ነበር። መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው ሰው ዘር መሆንህን ቆጥረህ፣ በሽማግሌ ፊት አስረድተህ፣ ካስፈለገም ዓመታት ተሟግተህ ነው ድርሻህን የምትወስደው። አለን ሆበን የሚባል አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት ይህንን ጎጃም ደጋ ዳሞት ውስጥ ተቀምጦ አጥንቶ በፈረንጆቹ 1973 መጽሐፍ አሳትሞበታል።

ልብ በሉልኝ፤ የርስት ቆጠራ በአባት በኩል ብቻ አልነበረም። በእናትም ይቆጠራል፤ ሴትም ርስት ትወርሳለች። ስለዚህ ለርስት የሚሟገት ሰው የአያቱን እናትም፣ የእሷንም እናት ማወቅ ነበረበት። ሴቶቹ መሬት ይዘው እስከመጡ ድረስ ስማቸው አልተረሳም ነበር ማለት ነው!

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን የርስት ሙግት አበቃ። ጭሰኛው ተገላገለ፤ ለእሱ ጥሩ ቀን ነበር። ከሙግቱ ጋር ግን የቆጠራው ትልቁ ሥራ ሄደ። ለድግስ ጨዋታ የቀረው የወንዶቹ ሰንሰለት ብቻ ነው። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ጭብጨባ።

ከዚህ አንድ ነገር ያዝኩ። ሰው የሚያስታውሰው የሚጠየቀውን ነው። ስለዚህ አያቴን በሕይወቷ ስለ እናቷ ስም ግድ ኖሮት የጠየቃት ማን ነው?

ከወረዳ እስከ ደብር

ወረዳ ሄድኩ። የአያቴ ማህደር ተገኘ፤ ያገኘችልኝ ልጅ ትባረክ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የቤት ቁጥር። "የእናት ስም" በሚለው መስመር ላይ አንዲት አጭር ሰረዝ ተሰምራለች። ቀበሌ የተቋቋመው በ1967 ዓ.ም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ነው። የሚያሳስበው ማን የትኛው ቤት ውስጥ እንደሚኖር ነበር። የተከራይዋ እናት ማን መሆኗ ኪራዩን አይጨምር፣ አይቀንስ።

"የልደት መዝገብስ?" አልኩ። እዚህ ላይ የአገራችን ሕግ የሚያስቅ ታሪክ አለው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመዝገብ እንዲሰፍሩ ብዙ አንቀጾች ደርድሯል። እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረውም ይላል። መጨረሻው ላይ ግን መዝገቡን የሚመለከተው ክፍል የሚጸናበት ቀን ወደፊት በነጋሪት ጋዜጣ እስኪነገር ይቆይ ተባለ። ቆየ። ንጉሡ ሄዱ፣ ደርግ መጥቶ ሄደ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ወጥቶ በመላ አገሪቱ ምዝገባ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም ነው። ከሃምሳ ስድስት ዓመት በኋላ! በመካከሉ በአዲስ አበባ ሰው የልደት ካርድ የሚያወጣው ሲያስፈልገው ነው። ይኸውም ብዙውን ጊዜ ኤምባሲ ሲጠይቀው።

አሁን የሚወለድ ልጅ የልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ የእናቱ ስም ይሰፍራል። ፋይዳ መታወቂያም አሻራችንንና ዓይናችንን ወስዷል። ደግ ነው። ግን ፋይዳ ስለ እኔ እንጂ ስለ እናቴ እናት አይጠይቅም፤ የልደት ምዝገባውም አያቴን አልደረሰባትም።

ደብር ሄድኩ። አያቴ የተቀበረችበት ቀንና የክርስትና ስሟ ተገኘ። ፍትሐት የሚደረገው በክርስትና ስም ነውና እሱ አይጠፋም። እናቷን ግን የጠየቀ የለም። ቄሱ ፈገግ ብለው "ልጄ፣ እኛ ነፍስን ነው የምንመዘግብ" አሉኝ።

ሌላም ችግር አለ። የእኛ ስም በየትውልዱ ይቀየራል። አማቻችን የቤተሰብ ስሙን ጽፎ አራት መቶ ዓመት ወደ ኋላ መንሸራተት ይችላል። እኛ ጋ የእኔ "የአባት ስም" የአባቴ የራሱ ስም ነው፤ የእሱ የአባት ስም ሌላ ነው። በአንድ ስም ሁለት ትውልድ ፈልገህ ሦስተኛው ላይ ክሩ ይበጠሳል። የሚቀጥለው ስሙን የሚያውቅ ሰው ካለ ብቻ ነው።

ኩቤኮች ምን አድርገው ቻሉ?

ማታ ማታ አማቻችንን ቁጭ አድርጌ ጠየቅሁት። "ፈረንጅ ስለሆኑ ነው" የሚል መልስ አልፈለግሁም።

የኩቤክ ከተማ የተቆረቆረችው በፈረንጆቹ 1608 ነው። ከ1621 ጀምሮ ቄሱ ያጠመቀውን፣ ያጋባውን፣ የቀበረውን ይጽፍ ነበር። ጋብቻ ሲጻፍ የሙሽራውም የሙሽራዋም አባትና እናት ስም ይገባል፤ ሴቶቹ የሚጻፉት በባላቸው ሳይሆን በገዛ ስማቸው ነው፤ ልክ እንደ እኛ። የአንድ ጋብቻ ጽሑፍ አራት ወላጅ ይሰጣል፤ የእነሱ ጋብቻ ስምንት ይሰጣል፤ እንዲህ እያለ ይወጣል። ከ1679 ጀምሮ ደግሞ መዝገቡ በሁለት ቅጂ ሆነ። አንዱ ደብሩ ጋ፣ አንዱ ፍርድ ቤት። አንዱ ቢቃጠል አንዱ አለ። የደብሩ መዝገብ እስከ 1993 ማብቂያ ድረስ የመንግሥትም መዝገብ ሆኖ አገልግሏል።

ያቺ ወላጅ አልባ ልጃገረድም በ1663 እና በ1673 መካከል የፈረንሳይ ንጉሥ ወጪያቸውን ችሎ ከላካቸው ወደ 800 ከሚጠጉ ሴቶች አንዷ ናት። "የንጉሥ ልጆች" ይሏቸዋል። ደሃ ነበሩ፤ ብዙዎቹ ማንበብም አያውቁም። ስማቸው ግን ተጽፏል። በ1966 የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ምሁራን እነዚያን መዝገቦች ሰብስበው የጥንቱን ሕዝብ ቤተሰብ በቤተሰብ መልሰው መገጣጠም ጀመሩ። የአማቻችን ወረቀት የዚያ ሁሉ ድካም ፍሬ ነው።

ኩቤኮች ለእኛም ፈጽሞ እንግዳ አይደሉም። በፈረንጆቹ 1945 ንጉሡ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን እንዲመሩ የጋበዟቸው ኢየሱሳውያን ካህናት ከኩቤክ የመጡ ናቸው። ሃይማኖት እንዳይሰብኩ፣ የካህን ልብስ እንዳይለብሱ ተስማምተው ነው የመጡት። ከእነሱ አንዱ ሉሲየን ማት በ1943 ዓ.ም የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ መርተዋል። የዛሬው ዩኒቨርሲቲያችን ሥር እሱ ነው። ሒሳብም ፈረንሳይኛም አስተማሩን። መዝገብ ግን እኛም የራሳችን አለን፤ ስሙን ስለለመድነው መዝገብ አይመስለንም እንጂ።

ጸሐፊው ጋ

እናቴ ናት ያሰበችው። "እናቴ እድር ስትገባ ያላስመዘገበችው ሰው የለም" አለች።

እድር ምን እንደሚመዘግብ አስቡት። አባል፣ የትዳር ጓደኛ፣ ልጆች፣ አባት፣ እናት፣ አማቶች። ለምን? ሲሞቱ የሚከፈለው ብር የተለያየ ስለሆነ! ለወላጅ ይህን ያህል፣ ለልጅ ይህን ያህል፣ ለአማት ይህን ያህል። ብር ስላለበት ይጣራል። የሌለ እናት ልታስመዘግብ ብትሞክር ከጀርባ የተቀመጠች አንዲት ሴትዮ "እሷማ የሞተችው በሰባ ሰባት ነው!" ትልሃለች። ከተማ ውስጥ የእናትን ስም በገንዘብ ዋስትና የሚያስጽፍ፣ በጎረቤት ምስክርነት የሚያጣራ ሌላ ተቋም ንገሩኝ። የርስት ቆጠራ ሲቀር እድር ሥራውን ተቀብሏል፤ ያውም ሴቶቹን ሳይዘል።

የሕዝብ መዝገብ ቁም ነገር እንደሚያወጣ ደግሞ ተፈትኗል። በአገሪቱ የሞት ምዝገባ ባልነበረበት ጊዜ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1993 ዓ.ም ጀምሮ በከተማው የቀብር ቦታዎች የሚያዘውን መዝገብ ተጠቅመው ኤድስ ስንቱን እንደሚገድል አጥንተዋል። የቀብር ቦታ ደብተር ሳይንስ ከሆነ የእድር ደብተር ምን ጎደለው?

ችግሩ ካዛንቺስ የለችም። ያቺ እኛ የምናውቃት ካዛንቺስ ማለቴ ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ጣልያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች ነው፤ "ካዛ ኢንቺስ" ከሚለው። በኋላ ስሙ ሰፍቶ ጎጆውንም ቪላውንም፣ ጠላ ቤቱንም ሆቴሉንም ያዘ። በመስከረም 2017 ዓ.ም ለልማት ተብሎ ሰፈሩ መነሣት ጀመረ። የአያቴ ቤትም አብሮ ፈረሰ። ስለ ልማቱ የምትሉትን በሉ፤ ሰፊውን መንገድና መብራቱን የወደደ ጓደኛ አለኝ፤ ሲያልፍበት የሚያለቅስም አለኝ። እኔ የምጠይቀው ስለ አንድ ደብተር ነው። ቤቱ ሲፈርስ ለቤቱ ካሳ ወይም ምትክ ይታሰባል። ጎረቤቱ በከተማው ዳር ዳር ሲበተን የእድሩ መዝገብስ ማን ጋ ይሄዳል?

የእድሩን ጸሐፊ ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ጋሼ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ ደረጃው ስላስቸገራቸው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚወርዱት። መዝገቦቹን ከአልጋ ሥር በፌስታል ተጠቅልለው አወጧቸው። ሦስት ናቸው። ጠርዛቸው በአይጥ ተበልቷል።

የአያቴን ስም በሁለተኛው ውስጥ አገኘሁት። ባል፣ አምስት ልጆች፣ ከታች "እናት" ከሚለው ፊት ለፊት አክስቴ ያለችው ስም። አክስቴ ረታች ብዬ ስልኬን ላነሣ ስል ጋሼ ጣታቸውን ጫፉ ላይ አደረጉ። በሌላ ቀለም፣ በጠባብ ጽሑፍ እንዲህ ይላል። "አሳዳጊ ናት። ከጡት ያነሣቻት እሷ ስለሆነች እንደ ወላጅ እናት ትታይ ተብሎ በጠቅላላ ጉባኤ ተወስኗል።" ቀኑ 1974 ዓ.ም ነው።

አያቴ አንድም ቀን አልነገረችንም። ጋሼ ያስታውሳሉ። እናቷ ስትሞት አያቴ ሕፃን ናት፤ ከጎን ቤት ጠላ የምትሸጥ አንዲት ሴት ወስዳ አሳደገቻት። የሥጋ ዝምድና የላቸውም። ያቺ ሴት በ1974 ስትሞት አንዳንድ አባላት "ወላጅ ስላልሆነች የወላጅ ክፍያ አይገባም" ብለው ተከራከሩ። አያቴ ተነሥታ አለቀሰች እንጂ አልተናገረችም አሉኝ። እጅ ተቆጠረ። እድሩ እናት ናት ብሎ ወሰነ፤ ሙሉውን ከፈለ፤ ድንኳኑም ሦስት ቀን ቆመ።

"ወላጅ እናቷስ?" አልኩ።

"በፊተኛው መዝገብ ላይ ነበረች። አያትሽ ሁለቱንም ነው ያስመዘገበችው፤ የሞተችውንም ጭምር። አስታወሺኝ ብላ።" ቆም አሉና ወደ መስኮቱ አዩ። "ፊተኛው መዝገብ ከድንኳኑና ከወንበሮቹ ጋር ተጭኖ ነበር። ወንበሮቹ ደርሰዋል።"

"ዘር ቆጠራ? በዚህ ዘመን?"

ይህን ሐሳብ ለጓደኞቼ ሳወራ አንዱ "አቦ ተይን! ዘር ሲቆጠር ምን እንደሚመጣ አላየንም?" አለኝ። ተቃውሞው ቀልድ አይደለም። እኔም "ዘር" የሚለውን ቃል ስሰማ ሆዴ ይሸበራል። ሰው በዘሩ ምክንያት ከቤቱ የወጣባት፣ የሞተባት አገር ናት።

ግን እስቲ ያንን የእድር መዝገብ ገልጣችሁ እዩት። አባል የጉራጌ ስም፣ ሚስት የትግሬ፣ አማት የወሎ እስላም፣ ልጅ የተዳረው ለወለጋ ሰው። ብሔር የሚል ዓምድ የለም፤ በዚያው ዘመን የቀበሌ መታወቂያ ላይ ግን ነበር። ጥላቻ የሚበቅለው ከሩቅ በሚነገር "ዘር" ላይ ነው፤ የሴት አያቶቹን ስም አንድ በአንድ የጻፈ ሰው ግን ንጹሕ ዘር የሚባል ነገር የት እንዳለ ያጣዋል። የእኛ ቤተሰብ ሐረግ ላይ ደግሞ በጉባኤ ድምፅ የተመረጠች እናት አለችበት! ከእሷ በላይ ያለው ሐረግ የእኔ ነው ወይስ አይደለም? እድሩ መልሶልኛል።

ሌላም ሰው ይፈልገዋል። ውጭ አገር በማደጎ የሄዱ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች አሉን። አገሪቱ የውጭ ማደጎን ያቆመችው በጥር 2010 ዓ.ም ነው፤ ከዚያ በፊት ከሄዱት ብዙዎቹ ዛሬ ጎልማሶች ናቸው። ወላጆቻቸውን ፍለጋ ሲመጡ በእጃቸው ያለው አንድ ቀጭን ፋይል ነው። የሰፈሩን ሰው ማግኘት ካልቻሉ የት ይጀምራሉ? ሰፈሩ ራሱ ተበትኖ ሲጠብቃቸው ደግሞ አስቡት።

እድርም ጻድቅ አይደለም። መዋጮ መክፈል ያልቻለ መዝገቡ ላይ የለም። የሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ የለችም። የቀን ተከራይ የለም። ያለው ይህ ነው፤ እሱንም እያጣነው ነው።

ከቃጠሎው በኋላ

በመጨረሻው ምሽት አማቻችን አንድ ነገር ነገረኝ። በ1640 በኩቤክ የነበረው ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ፤ ከ1621 ጀምሮ የተጻፈው መዝገብ ሁሉ አመድ ሆነ። ምን አደረጉ? ሰዉን ጠይቀው፣ ከትዝታ፣ መልሰው ጻፉት። ዛሬ ኩቤካዊ ሁሉ የሚኮራበት መዝገብ የመጀመሪያዎቹ ሃያ ዓመታት ሰው ከቃሉ ያወጣቸው ናቸው።

እኛስ ምን ያቅተናል? የሚያስታውሱት አሁንም አሉ፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ናቸው እንጂ።

ሦስት ቅዳሜ ጋሼ ቤት ተቀመጥን። አራት የድሮ አባላት በሚኒባስ መጡ፤ ጡሩምባ ይነፉ የነበሩት አባት ጭምር። ደብተር ገዛሁ። "ከመንገዱ ጀምሩ" አልኳቸው። ከጥጉ ዳቦ ቤት ጀምረው የፈረሰውን ሰፈር በር በበር እየሄዱ ቆጠሩት። እዚህ እከሌ፣ ሚስቱ እከሊት፣ እናቷ ከቡልጋ የመጡት። ይጣላሉ፣ ይስማማሉ፣ ይስቃሉ፣ ዝም ይላሉ። ያልተስማሙበት ፊት ለፊት "ያከራክራል" ብዬ ጻፍኩ። የእኛ በር ላይ ሲደርሱ አንዷ እናት፣ ሳልጠይቃቸው፣ እናቴ በፋሲካ የተናገረችውን ስም አሉ። የአያቴ ወላጅ እናት ስም ነው። እናቴ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ አያቴን ስታስታምም አንድ ሌሊት ሰምታው ኖሯል። የአባቷን ስም ግን የሚያውቅ አልተገኘም።

የአማቻችን ወረቀት ላይ ለአንድ ሰው አንድ የእናት ሳጥን ብቻ ነው ያለው። በስልክ ነገርኩት። ጎኑ ላይ በእስክሪብቶ ሁለተኛ ሳጥን ሠርቶ ፎቶ ላከልኝ።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። እድራችሁ ተበትኖ ከሆነ ወይም ሊበተን ከሆነ ጸሐፊውን ፈልጉ። መዝገቡን ገጽ በገጽ በስልካችሁ አንሡት፤ ቅጂው ሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ በሕይወት ያሉ ሰዎችን ስምና አድራሻ ግን ፌስቡክ ላይ እንዳትለጥፉት። የጠፋ ካለ ሽማግሎቹን ሰብስባችሁ አጽፉ። ከተማው ሰፈር ሲያነሣ ከቤቱ ቁጥር ጋር "የእድራችሁ መዝገብ የት ነው?" ብሎ ቢጠይቅ ምን ይከብደዋል? ከ1936 ዓ.ም ጀምሮ ወመዘክር የሚባል የመጻሕፍትና የመዛግብት ቤት ያለን አገር ነን። የነገሥታት ደብዳቤ የሚቀመጥበት አገር የጠላ ሻጯም ስም የሚቀመጥበት መደርደሪያ አያጣም።

ለዛሬ ማታ ግን ይህን ብቻ ላስቸግራችሁ። እናታችሁን የእናቷን እናት ስም ጠይቁ። አክስታችሁንም ለየብቻ ጠይቁ።